ሳይቸግር ጤፍ ብድር

አባቶቻችን አንድ ሰው በገዛ እጁ ችግርን ሲጠራ ባዩት ጊዜ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይላሉ። ንግግሩ አጭር ነው፤ ምሥጢሩ ግን ሰፊ ነው። ቸግሮት የተበደረ ሰው ይታዘንለታል። ሳይቸግረው የተበደረ ግን የነገውን ዛሬ በልቶ፣ ነገ ደግሞ የትናንቱን ሲከፍል ይኖራል። እኔም በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ለመጻፍ ዕድል ባገኘሁ ጊዜ ከብዙ አርእስት መካከል ይህን የመረጥሁበት ምክንያት፣ በላስታ ምድር ለምንኖር ሰዎች የቁጠባና የዕዳ ነገር የምቾት ጉዳይ ሳይሆን ቤትን የማቆምና የማፍረስ ጉዳይ መሆኑን ስለማምን ነው።

ብዙ ሰው «ገቢዬ ትንሽ ስለሆነ መቆጠብ አልችልም» ይላል። በበኩሌ ግን ችግራችን የገቢያችን ማነስ ብቻ አይመስለኝም፤ ገቢው በአንድ ወቅት መጥቶ በሌላው ወቅት መጥፋቱ ጭምር ነው እንጂ። ስለዚህ ለእኛ ቁጠባ ማለት ከተረፈው ላይ ማስቀመጥ ብቻ ሳይሆን የጥጋቡን ወቅት ከችግሩ ወቅት ጋር ማገናኘት ነው። ዕዳ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ገና ያልመጣውን ወቅት ቀድሞ መብላት ነው።

ከአሸተን ማርያም ተራራ ላይ ሆኖ ወደ ታች ለሚመለከት ሰው የአገራችን ኑሮ በሁለት ወገን ይታየዋል። በዳገቱና በተራራው ላይ ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ የሚዘራው ገበሬ አለ፤ ከታች ደግሞ ከእንግዳ በሚገኝ ገንዘብ የሚኖረው የላሊበላ ከተማ ሰው አለ። የገበሬው የመኸር እህል ተወቅቶ ጎተራ የሚገባው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። የከተማውም ሰው ገንዘብ የሚያገኘው በዚያው ሰሞን ነው፤ ጎብኚ የሚመጣው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሲሆን፣ ምእመናንም ከየአገሩ የሚጎርፉት ለገና በዓል ነውና። ክረምት ሲገባ ግን የገበሬው ጎተራ ይጎድላል፤ አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩ፣ መስቀል ሻጩና የሆቴል ሠራተኛውም መንገድ መንገዱን ሲያዩ ይውላሉ።

እንግዲህ ዕዳ የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው። በጥር ወር እህል በገበያ በዝቶ ዋጋው ሲረክስ ገበሬው ያለፈውን ዕዳ ለመክፈል ይሸጣል። በሐምሌና በነሐሴ እህል ሲወደድ ደግሞ ያንኑ የሸጠውን ዓይነት እህል በውድ ዋጋ መልሶ ይገዛል። የመግዣ ገንዘብ ስለማይኖረው ይበደራል፤ ብድሩን ለመክፈል በሚቀጥለው ጥር እንደገና ይሸጣል። ነገሩ እንደ ወፍጮ ድንጋይ የሚዞር ነው፤ የሚፈጨውም የገበሬውን ጉልበት ነው። በዚህ ላይ ዝናብ የቀረ እንደሆነ የሚሸጠው በሬው ይሆናል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ ዳግመኛም በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ወሎን በመታ ጊዜ በሬውን ሸጦ የበላ ገበሬ፣ ዝናቡ ሲመለስ የሚያርስበት አጥቶ ቀረ።

የከተማው ሰው ደግሞ የራሱን ትምህርት ያገኘው በእኛው ዘመን ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ የውጭ እንግዳ ጠፋ። ያ ሳያልፍ ጦርነት ተከተለ፤ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ላሊበላ በትግራይ ኃይሎች እጅ ገባች፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስም ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ስትዘዋወር ቆየች። መብራትና ስልክ ተቋረጠ፤ ባንኮችም ተዘጉ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን በተነሣው ግጭት የተነሣ እንግዳው እንደ ቀድሞው ሊመላለስ አልቻለም።

ይህ ሁሉ መከራ የማንም ቆጣቢነት ሊያስቀረው የሚችል አልነበረም። ነገር ግን አንድ ቁም ነገር አስተምሮናል። ባንኮቹ በተዘጉ ጊዜ በደብተሩ ላይ ብዙ ብር የተጻፈለት ሰው እንኳ አንዲት ብር ማውጣት አልቻለም፤ በቤቱ ገብስ ያለው ግን ቂጣ ጋግሮ ልጆቹን አደረ። ስለዚህ የላስታ ሰው ቁጠባውን በአንድ ሥፍራ ብቻ ማኖር አይገባውም። ጥቂቱን በእህል በጎተራ፤ ጥቂቱን በበግና በዶሮ በጓሮ፤ ጥቂቱን ለድንገተኛ ሕመምና ለመንገድ በጥሬ ገንዘብ በቤት፤ የቀረውን በባንክ ያድርግ። እህል ነቀዝ ያገኘዋል፤ በግ በሽታ ያገኘዋል፤ ጥሬ ገንዘብ ሌባ ያገኘዋል፤ ባንክም ሊዘጋ ይችላል። አራቱ በአንድ ቀን መጥፋታቸው ግን የማይመስል ነው።

«ታዲያ ከምኑ ይቆጠባል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። የዚህን መልስ ለማግኘት ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። አሸተን ማርያም ከዐለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ በአገራችን ሲነገር እንደኖረውም የንጉሥ ነአኵቶ ለአብ ሥራ ናት። ዐለት የሚፈለፍል ሰው በአንድ ምት የሚያወጣው አንዲት ስባሪ ድንጋይ ነው፤ ያቺን ስባሪ የተመለከተ ሰው «ይህ ምን ያደርጋል?» ሊል ይችላል። ሥራው ሲፈጸም ግን ስንት መቶ ዓመት የሚቆም ቤት ይሆናል። ገንዘብም እንዲሁ ነው። በቀን 5 ብር የሚያስቀምጥ ሰው ጳጉሜን ጨምሮ በ365 ቀን 1,825 ብር ይኖረዋል። በቀን 10 ብር ያስቀመጠ 3,650 ብር ያገኛል። ይህ ሰውን ሀብታም አያደርገውም፤ ነገር ግን በነሐሴ ወር የአበዳሪ ደጅ ከመጥናት ያድነዋል።

አሁን ወደ ዕዳው እንምጣ። ዕዳ ሁሉ ክፉ ነው አልልም። ገበሬው ለዘር ወይም ለበሬ መግዣ፣ ነጋዴው ለሥራ ማስኬጃ፣ ሊከፍል እንደሚችል አስልቶ ቢበደር የሚነቀፍ አይደለም፤ ብድሩ ራሱን የሚከፍል ፍሬ ያፈራልና። ዛሬ ጸደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ማለት አብቁተ፣ ለገጠሩ ሕዝብ የተቋቋመው በዚህ ሐሳብ ነበር። ክፉው ዕዳ ተበልቶ ለሚያልቅ ነገር የሚወሰድ ዕዳ ነው። ከዚያም የሚከፋው አራጣ ነው።

አንድ ሰው 5,000 ብር በአራጣ ተበደረ እንበል። አበዳሪው በየወሩ 10 በመቶ ቢጠይቀው ወለዱ በወር 500 ብር ነው። ይህ ለጆሮ ብዙ አይመስልም። በዓመት ግን 6,000 ብር ይሆናል፤ ዋናው 5,000 ብር ደግሞ እንዳለ ይጠብቀዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲበዳደሩ ወለዱ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል። በዚህ ሕግ መሠረት የ5,000 ብር ከፍተኛው የዓመት ወለድ 600 ብር ነው። እንግዲህ ባለ አራጣው ሕግ የፈቀደውን አሥር እጥፍ ወሰደ ማለት ነው። በአራጣ ማበደር በወንጀል ሕጉም የሚያስቀጣ ነው። እንዲሁም ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ እንዲሆን ይፈልጋል። ዘመድ ለዘመድ ሲያበድር «በመካከላችን ወረቀት ምን ያደርጋል?» ማለት የተለመደ ነው። ነገር ግን «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የተባለው በከንቱ አይደለም፤ ወረቀት ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ዝምድናውንም ይጠብቃል።

በዘመናችን ደግሞ ብድር ወደ ኪሳችን ገብቷል። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን አቋቋመ፤ በ2014 ዓ.ም. ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉ የብድር አገልግሎቶችን፣ «ሳንዱቅ» የተባለ የቁጠባ አገልግሎትንም ጨመረ። ዋስ ሳይጠሩ፣ ደጅ ሳይጠኑ በጣት ነክቶ መበደር ለቸገረው ሰው ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን አባቶቻችንን ከብዙ ብድር የጠበቃቸው ሐፍረት ነበር፤ የሰው ፊት ማየት ከባድ ስለነበረ ሳይቸግራቸው አይበደሩም ነበር። ስልክ ፊት የለውም። እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ በአንዱ ስልክ ላይ ሳንዱቅም መላም አሉ፤ አስቀድሞ የሚነካው የትኛው እንደሆነ የሚወስነው የእኛው ጣት ነው። ገንዘባችንን በስፖርት ውርርድ ቤት ጥለን ወደ ስልክ ብድር የምንሮጥ ከሆነም «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የተባለው ለእኛ ነው።

ቀጥሎ የምናገረው ምናልባት አንዳንዶችን ያስቀይም ይሆናል፤ ነገር ግን ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ እርሱ ስለሆነ ልተወው አልችልም። ይኸውም የሠርግና የተዝካር ድግስ ነው። ሠርጉ ደስታ ነው፤ ተዝካሩም ለሟቹ የምናደርገው መታሰቢያ ነው፤ ሁለቱም ይቅሩ የሚል ሐሳብ የለኝም። ነገር ግን አባት በሞተ በአርባኛው ቀን ልጆቹ የቀረውን በሬ ሸጠው፣ በዚያ ላይ ተበድረው ለመንደሩ ሁሉ ሲደግሱ፣ ሕዝቡ በልቶ ጠጥቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ ለእነርሱ የሚቀርላቸው ዕዳ ነው። ዕዳው ሲከፈል ደግሞ ከትምህርት ቤት የሚቀረው ልጅ ነው። የቤተ ክርስቲያን አባቶች ራሳቸው ለሟች የሚጠቅመው ጸሎትና ምጽዋት መሆኑን ያስተምራሉ። ምጽዋት ደግሞ ካለው ላይ ይሰጣል እንጂ በአራጣ ተበድሮ አይደረግም።

ታዲያ ይህን ሁሉ ሰው ያውቀዋል፤ ስለምን አይተወውም? ሐሜቱን ስለሚፈራ ነው። አንድ ቤተ ሰብ ብቻውን ድግሱን ቢያሳንስ «አባታቸውን እንደ ውሻ ቀበሩት» ይባላል። መንደሩ በሙሉ ተስማምቶ ቢያሳንስ ግን የሚታማ አይኖርም። ስለዚህ መድኃኒቱ ያለው በአንድ ሰው እጅ ሳይሆን በዕድሩ ሸንጎ ነው ብዬ አምናለሁ። የየመንደሩ ዕድር ዳኞች ተሰብስበው «ለተዝካርም ሆነ ለሠርግ ማንም እንዳይበደር፤ ድግሱ ከዚህ መጠን አይለፍ፤ ያለፈ ይቀጣ» ብለው ቢወስኑ፣ ድሀው ከሐሜት ይድናል፤ ሀብታሙም ይመሰገናል። ዕድራችን የቀብር ወጪ በአንድ ቤት ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ያደረገ ትልቅ ማኅበር ነው፤ ቀብሩን ያስተካከለ ዕድር ተዝካሩን ማስተካከል አያቅተውም። ይህን ሐሳብ ለታላላቆቻችን በአክብሮት ማቅረብ የእኛ የተማሪዎች ግዴታ ነው።

ስለ ዕቁብም አንድ ቃል ልናገር። ዕቁብ ወለድ የሌለበት መልካም ሥርዓት ነው። ዳሩ ግን ዕጣው መጀመሪያ የደረሰው ሰው ተበዳሪ፣ መጨረሻ የደረሰው ቆጣቢ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። የመጀመሪያው ባለ ዕጣ ገንዘቡን «የራሴ ነው» ብሎ ቢበትነው እስከ መጨረሻው ዙር ድረስ በዕዳ ውስጥ ነው። ወንፈልና ደቦም ከቁጠባ የሚቆጠሩ ናቸው፤ ጎረቤት ለጎረቤት ጉልበቱን ሲያበድር ለሠራተኛ የሚወጣው ገንዘብ በቤት ይቀራልና።

ከዚህ ቀጥሎ በየቀኑ ልንፈጽማቸው የምንችላቸውን ጥቂት ልማዶች አቀርባለሁ።

1ኛ/ ገቢንና ወጪን መጻፍ። የአንድ ደብተር ጥቂት ገጽ ይበቃል። ሰው ገንዘቡ የት እንደ ገባ ካላወቀ ከየት እንደሚቆጥብም አያውቅም።

2ኛ/ እህል በርካሽ ጊዜ መግዛት። የከተማ ሰው በጥር ወር አንድ ኩንታል ለብቻው መግዛት ካልቻለ ከሁለትና ከሦስት ጎረቤት ጋር አዋጥቶ ይግዛ። በክረምት በጣሳ እየተሰፈረ የሚገዛ እህል ከሁሉ የተወደደ እህል ነው።

3ኛ/ ምጣዱ በጋለበት መጋገር። አንዴ የጋለ ምጣድ ለብዙ እንጀራ ይበቃል፤ ዛሬ ጥቂት ነገ ጥቂት መጋገር ግን እንጨቱን ይጨርሳል። የተረፈውም እንጀራ ሳይሻግት ቢደርቅ ድርቆሽ ይሆናል።

4ኛ/ ስንቅ መያዝ። ከገጠር መጥተን በከተማ ቤት ተከራይተን የምንማር ተማሪዎች ከቤታችን የመጣልንን ስንቅ በሰኞና በማክሰኞ ጨርሰን ረቡዕ ለብድር ጓደኛ ቤት መሄድ የለብንም። ስንቁን በመጣበት ቀን በየዕለቱ ልክ ከፍሎ ማስቀመጥ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን የሳምንት ስንቁን ማብቃቃት የለመደ ልጅ ሲያድግ የዓመት እህሉን ማብቃቃት አይቸግረውም። በሶና ቆሎ ለያዘ መንገደኛም የሻይ ቤቱ ወጪ ይቀልለታል።

5ኛ/ ሳይሰፋ መስፋት። የልብስና የጫማ ቀዳዳ ትንሽ ሳለ በጥቂት ክር ይያዛል። የተጣፈ ልብስ ንጹሕ ከሆነ አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው በዕዳ የተገዛ አዲስ ልብስ ነው።

6ኛ/ አንድ ቅዳሜ መታገሥ። በቅዳሜ ገበያ ዐይናችን የወደደውን ዕቃ በዚያው ቀን አንግዛው። በሚቀጥለው ቅዳሜም አሁንም የሚያስፈልገን ሆኖ ከተገኘ እንግዛው። ብዙው ፍላጎት አንድ ሳምንት አይቆይም።

7ኛ/ ገንዘብ በገባ ቀን አስቀድሞ ማስቀመጥ። «ከተረፈኝ አስቀምጣለሁ» የሚል ሰው አይተርፈውም። በገና ሰሞን ከእንግዳ ያገኘ ሰው የክረምቱን ድርሻ በዚያው ሰሞን ለይቶ ያኑር።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ እንደሚችል አውቃለሁ። የመጀመሪያው «ቁጠባ ንፍገት ነው» የሚለው ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ንፉግ የሚባለው ለሚገባው ነገር የማያወጣ ነው፤ ቆጣቢ የሚባለው ለማይገባው ነገር የማያወጣ ነው። እንግዳ ሲመጣ የሚያበላው፣ ጎረቤት ሲቸግረው የሚሰጠው ያለው ሰው ቆጣቢው ነው፤ ባለ ዕዳ ግን መለገስ ቢወድም የሚለግሰው የሰው ገንዘብ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው። «ብር በየዓመቱ እየረከሰ ሳለ ለምን አስቀምጣለሁ?» የሚል ነው። ይህ ሐሰት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የዋጋው ንረት ከ30 በመቶ በላይ ሲሆን ባንክ ለቁጠባ የሚከፍለው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜም ብር ብዙ ዋጋ አጥቷል። ነገር ግን ከዚህ የሚገኘው ትምህርት «እናባክነው» የሚል አይደለም። ትምህርቱ፣ ለቅርብ ችግር የሚያስፈልገውን ያህል በብር እናኑር፤ ከዚያ የበለጠውን በእህል፣ በበግ፣ በሥራ መሣሪያና በልጆች ትምህርት እናኑረው የሚል ነው። የረከሰ ብር ካልተቀመጠ ብር ይሻላል፤ ዕዳ ግን ከሁለቱም ይከፋል።

«ድሀ ምን ቆጥቦ?» ለሚሉትም በሌላ አገር የሆነውን ልንገራቸው። በስኮትላንድ አገር ሩትዌል በምትባል አነስተኛ መንደር ሄንሪ ደንካን የሚባል ቄስ በ1810 እ.ኤ.አ. ለድሆች የቁጠባ ባንክ አቋቋመ። በዚያ ዘመን ባንኮች ሒሳብ ለመክፈት 10 ፓውንድ ሲጠይቁ እርሱ ግን 6 ፔንስ ይዞ የመጣውን ገበሬና አገልጋይ ተቀበለ። ከዚያች የገጠር መንደር የተነሣው ሐሳብ ወደ ብዙ አገር ተስፋፋ። አንድ ቄስ በገጠር ደብሩ ያደረገውን፣ ዕድርና ዕቁብ ያለን የላስታ ሰዎች ልናደርገው አንችልም ማለት አይቻልም።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፣ ከንግግር ይልቅ ሥራ ይሻላልና በሚቀጥለው ዓመት በየክፍላችን አነስተኛ የቁጠባ ማኅበር እናቋቁም። በየሳምንቱ አምስት ብርም ብትሆን እናዋጣ፤ ሒሳቧን በግልጽ እንጻፍ፤ ደብተርና እስክሪፕቶ ያጣው ጓደኛችን ከእርሷ ያለ ወለድ ይበደር፤ ሲያገኝም ይመልስ። ለክረምቱ ዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ ደግሞ ይህን ጽሑፍ ለወላጆቻችን እናንብብላቸው፤ የድግሱንም ነገር ዕድሩ እንዲመክርበት እንለምናቸው። እኛ በዛሬው ዕድሜያችን ያልለመድነውን ነገ ቤት ስንይዝ ልናገኘው አንችልም። ብድር ሳይቀድመን ቁጠባ እንዲቀድመን ያድርግልን።